ከቁስል የወጣ ጥይት፦ ምስክሩ የቱ ጋ ነው?

በጥይት የተመታ ሰው ሆስፒታል ሲደርስ የመጀመሪያው ሥራ ነፍሱን ማትረፍ ነው። በዚህ ማንም አይከራከርም። ደሙ ይቆማል፣ ራጅ ይነሳል፣ ካስፈለገም ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ግን ብዙም አናወራም። ዐረሩ ከሰውነቱ ወጣ እንበል። በምን ተይዞ ወጣ? የት ተቀመጠ? ማን ተረከበው? በብረት መቆንጠጫ ጥብቅ ተደርጎ ተይዞ፣ ብረት ሳህን ላይ ጣል ከተደረገ፣ ያቺ "ኳ" የምትል ድምፅ ለፊልም ታምር ይሆናል። ለተጎጂው ፍትሕ ግን ኪሳራ ናት።

ለምን ኪሳራ እንደሆነች ለመረዳት የዐረርን ቅርፅ ማወቅ ያስፈልጋል። ዐረሩ በአፈሙዝ ውስጥ ሲያልፍ የትኛው አካሉ ብረቱን ይነካል? የትኛው ሳይነካ ያልፋል? መርማሪው በማይክሮስኮፕ የሚያነበው ጽሑፍ ያለው በነካው ቦታ ላይ ብቻ ነው። ይህን ቦታ አንድ ነርስ፣ አንድ ፖሊስ፣ አንድ ጠበቃ ቢያውቀው ብዙ መዝገብ ይድናል ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩ ለእኛ ለጅማዎች ሩቅ አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የደቡብ ምዕራቡ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል ነው። ከጅማ ዞን ብቻ ሳይሆን ከኢሉባቦር፣ ከበደሌ፣ ከከፋ፣ ከዳውሮ ጭምር ሰው ይመጣል። ከወረዳ ጤና ጣቢያ ተነስቶ ጅማ የሚደርስ ቁስለኛ በመንገዱ በብዙ እጅ ያልፋል። ማስረጃውም አብሮት ያልፋል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ማን መሣሪያ ይይዛል፣ ማን አይዝም የሚለውን ይደነግጋል። ጥሩ ነው። ከተተኮሰ በኋላ ማን ተኮሰ የሚለውን ለመመለስ ግን ሕጉ ብቻውን አይበቃም።

አፈሙዝና ወገብ

የጠመንጃ አፈሙዝ፣ ማለትም ረጅሙ የብረት ቱቦ፣ ውስጡ ልሙጥ አይደለም። ከኋላ እስከ ጫፍ እየተጠማዘዙ የሚሄዱ ቦዮች አሉት። በቦዮቹ መሀል ደግሞ ከፍ ያሉ ሸንተረሮች ይቀራሉ። ዐረሩ ከሸንተረሮቹ ክፍተት ትንሽ ይወፍራል። ስለዚህ በነፃነት አያልፍም። ባሩዱ ሲቃጠል የሚፈጠረው ጋዝ በግድ ይገፋዋል፣ ሸንተረሮቹም ጎኑን እየነከሱ ያሽከረክሩታል።

በአገራችን በብዛት የሚታወቀውን ክላሽ እንውሰድ። ከአንዱ ሸንተረር እስከ ተቃራኒው ያለው ክፍተት 7.62 ሚሊ ሜትር ነው። ዐረሩ ግን ወደ 7.9 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ ለሁለት ሲካፈል በእያንዳንዱ ጎን ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ትንሽ ያለፈ ንክሻ ነው። በጣም ቀጭን ነገር ነው። ሁሉም ነገር የተመሠረተው ግን በዚህች ንክሻ ላይ ነው። ቦዮቹ በ240 ሚሊ ሜትር ርቀት አንድ ሙሉ ዙር ይዞራሉ። ዐረሩ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ ወደ 715 ሜትር ይጓዛል። አንዱን ለአንዱ ብታካፍሉት በሰከንድ ወደ 3,000 ዙር ይመጣል። እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ የሚሄድ ዐረር አየር ላይ አይገለባበጥም፤ አፍንጫውን ወደ ፊት አድርጎ ይበራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በ415 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ውስጥ፣ ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ እጅግም ባልራቀ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ቅርፁ እንምጣ። የዘመናችን የጠመንጃ ዐረር ሦስት አካል አለው። ፊቱ እየሾለ የሚሄድ አፍንጫ ነው። መሀሉ ቀጥ ያለ ወገብ ነው። ብዙዎቹ ከኋላም ትንሽ ይጠባሉ። አፍንጫው ስለሾለ ሸንተረሮቹን አይነካም። የጠበበው ኋላውም እንደዚያው። አፈሙዙን የሚነካው ወገቡ ብቻ ነው። በክላሽ ዐረር ይህ ወገብ ከጠቅላላው ርዝመት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሙሉው ዐረር ወደ 27 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የአፈሙዙ ጽሑፍ በሙሉ የሚሰፍረው በጥቂት ሚሊ ሜትር ላይ ነው ማለት ነው።

ወገቡ ረጅም ወይም አጭር መሆኑ ለተኳሹም ለአፈሙዙም ለውጥ ያመጣል። ረጅም ወገብ ያለው ዐረር በቱቦው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ አይጋደምም። ዋጋው ግን ሰበቃ ነው። የሚፈገፈገው ብረት ይበዛል። ግፊቱ ይጨምራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ የሽፋኑ ብረት በቦዮቹ ውስጥ እየተለጠፈ ይቀራል። አጭር ወገብ ሰበቃው ይቀንሳል። የሚይዘው ነገር ስለሚያንስ ግን በቱቦው ውስጥ ትንሽ ዘመም ሊል ይችላል። አንዴ ዘመም ያለ ዐረር ሲወጣም ዘመም ብሎ ይወጣል። ክብ የድሮ ጥይት የዚህ ሁሉ ጫፍ ምሳሌ ነው። ክብ ነገር ቱቦን የሚነካው በመሀሉ ዙሪያ ባለች አንዲት ቀጭን ቀለበት ብቻ ነው። ቦይ ባለው ጠመንጃ በክብ ጥይት ይተኩሱ የነበሩ ሰዎች ጨርቅ ወይም ቆዳ ይጠቀልሉበት የነበረውም ለዚህ ነው። ቦዩን የሚይዘው ጨርቁ ነበር።

ጠንካራ ብረት በሸንተረር ይነከሳል ወይ? አይነከስም፤ ቢነከስም አፈሙዙን ይበላዋል። የመጀመሪያው የክላሽ ዐረር መሀሉ ላይ የአረብ ብረት እምብርት አለው። ውጭው በመዳብ የተለበጠ የብረት ሽፋን ነው። በሁለቱ መሀል ግን ስስ የእርሳስ ልባስ ገብቷል። እርሳስ ለስላሳ ነው። ሸንተረሩ ሽፋኑን ሲጫነው ከሥር ያለው እርሳስ ቦታ ይለቅለታል። ሽፋኑ ገባ ይላል፣ ንክሻው ይታተማል፣ እምብርቱ ሳይነካ ይቀራል። ይህን ያሰበው ሰው ቁሳቁስን በደንብ ያውቅ ነበር። የመድፍ ጥይትም በተመሳሳይ ዘዴ ይሠራል። ጠንካራው የብረት ገላ ሳይሆን ዙሪያውን የታሰረለት የመዳብ ቀበቶ ነው ቦዩን የሚይዘው።

አያቶቻችን የያዟቸው

ይህ የቅርፅ ጉዳይ በአገራችን ታሪክ ውስጥም አልፏል። የጠመንጃዎቹን ስሞች ሽማግሌዎች ያውቋቸዋል። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ለበን፣ ቤልጅግ።

እ.ኤ.አ. በ1849 ፈረንሳዊው መኮንን ሚኒዬ አንድ ዐረር አወጣ። ፊቱ ሾጠጥ ያለ፣ ከሥሩ ጎድጎድ ያለ ነው። ከቱቦው ትንሽ ስለሚቀጥን ከአፍ በኩል በቀላሉ ይጎርሳል። ባሩዱ ሲፈነዳ ጋዙ ጎድጓዳውን ይነፋዋል፣ ጎኑ ይሰፋል፣ ቦዩን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዞች መቅደላ ድረስ ይዘውት የመጡት ሰናድርም ሥሩ ጎድጓዳ የሆነ የእርሳስ ዐረር ነበረው። ሲጎርስ ግን ከኋላ ነው። ቀጥሎ የመጣው ውጅግራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ፣ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ ዐረር ይተኩሳል። ዐረሩ በወረቀት የተጠቀለለ ነበር። ወረቀቱ እርሳሱ በቦዮቹ ውስጥ እንዳይለጠፍ ይከላከላል። ዓድዋ ላይ በእኛ ወገን እጅ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ነው።

ለበን ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣው ይህ የፈረንሳይ ጠመንጃ ጭስ አልባ ባሩድ በመጠቀም በጦር ሠራዊት ደረጃ የመጀመሪያው ነው። ባሩዱ ኃይለኛ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ባዶ እርሳስ ቦዩን መያዝ ያቅተዋል፤ እየተላጠ ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። ስለዚህ ዐረር የመዳብ ወይም የኒኬል ቅይጥ ሽፋን ለበሰ። መጀመሪያ ላይ እነዚህ ዐረሮች አፍንጫቸው ድቡልቡል፣ ወገባቸው ረጅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1898 ፈረንሳዮች ፊቱ የሾለ፣ ኋላው የጠበበ ዐረር ለለበን አወጡ። ጀርመኖችም እ.ኤ.አ. በ1905 ተከተሉ። ድቡልቡሉ 14.6 ግራም ይመዝን ነበር። ሹሉ 9.9 ግራም ሆነ። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ640 ሜትር አካባቢ ወደ 880 ሜትር አካባቢ ዘለለ። ወገቡ አጠረ፣ የሚነካው ቦታ አነሰ። ሹልነቱ በዋናነት የታሰበው አየርን ለመሰንጠቅ ነው። አፈሙዝ ውስጥ ያለው ግንኙነት ግን አብሮ ተለወጠ።

ጣሊያን ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ ባደረገበት ዘመን ወታደሩ የያዘው ካርካኖ የሚባለውን ጠመንጃ ነበር። ሰኔ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን ለቅቆ እስኪወጣ ድረስ አካባቢው በዚህ መሣሪያ ተሞልቶ ነበር። ካርካኖ ለዚህ ጽሑፍ ልዩ ምሳሌ ነው። ዐረሩ 6.5 ሚሊ ሜትር ቀጭን፣ 10.5 ግራም፣ አፍንጫው ድቡልቡል፣ ወገቡ በጣም ረጅም ነው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. የ1891ዱ ዓይነት ቦዮች መጀመሪያ ላይ ቀስ ብለው ይጠማዘዛሉ፤ ወደ ጫፍ ሲጠጉ ይበረታሉ። ረጅሙ ወገብ በአንድ ማዕዘን ተነክሶ ይጀምርና በሌላ ማዕዘን ይወጣል። የሸንተረሩ ዱካ ራሱን እየፋቀ ይሰፋል። አጭር ወገብ ቢሆን ይህ መፋቅ ያንስ ነበር።

ማይክሮስኮፑ የሚያነበው

እ.ኤ.አ. በ1889 የሊዮኑ ሐኪም አሌክሳንደር ላካሳኝ ከአንድ ሟች ሰውነት በወጣ ዐረር ላይ ሰባት የቦይ ዱካ ቆጠረ። ከተጠርጣሪዎቹ መሣሪያዎች መሀል ሰባት ቦይ ያለውን ለየ። የዚህ ሙያ ጅማሬ ሲነሳ ይህ ታሪክ ይጠቀሳል። ልብ በሉ፣ ያየው ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ሁለት ዐረሮችን ጎን ለጎን በአንድ መነፅር የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ ለዚህ ሥራ ዋለ። ዛሬም መሠረቱ ያው ነው።

መርማሪው የሚያየው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ የዓይነት ምልክቶችን ያያል። ስንት ሸንተረር? ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ የሚዞሩት? ስፋታቸው ስንት ነው? የክላሽ አፈሙዝ አራት ቦይ አለው፣ ወደ ቀኝ ይዞራል። ይህ "ከክላሽ ዓይነት የተተኮሰ ነው" ለማለት ይረዳል። የትኛው ክላሽ እንደሆነ ግን አይናገርም። ለዚያ ሁለተኛው ደረጃ ያስፈልጋል። አፈሙዙ ሲሠራ መሣሪያው የተወው ጭረት፣ ኋላ የመጣ ዝገት፣ የመጠቀም ብዛት በየሸንተረሩ ላይ ጥቃቅን መስመሮች ይፈጥራል። እነዚህ በዐይን የማይታዩ መስመሮች ወደ ዐረሩ ወገብ ይገለበጣሉ።

የቅርፁ ጉዳይ ክብደት የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። አፍንጫው አጥንት ሲመታ ይጣመማል፤ መጣመሙ ያበሳጫል እንጂ ብዙ ጽሑፍ አያጠፋም። ምክንያቱም መጀመሪያውኑ አልተጻፈበትም። መቀመጫው፣ ማለትም የኋላ ጫፉ፣ ከጋዙ ጋር ተፋጥጦ የተጓዘ ነው፤ እሱም ላይ የሸንተረር ጽሑፍ የለም። ሁሉም ያለው ወገቡ ላይ ነው። የብረት መቆንጠጫ ደግሞ ዐረርን የሚይዘው የት ነው? ልክ ወገቡ ላይ። የመቆንጠጫው ጥርስ የሚተወው ጭረት ከአፈሙዙ ጭረት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንድ ጊዜ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል።

የሽጉጥ ዐረር ትንሽ ይለያል። አጭርና ድቡልቡል ስለሆነ ከርዝመቱ አንፃር ወገቡ ሰፋ ያለ ድርሻ አለው። ፍጥነቱም ያነሰ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሳይሰባበር ይገኛል። ችግሩ ሌላ ነው። "ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ነው" ብሎ መመዝገብ ብቻ አይበቃም። የማካሮቭ ዐረር በትክክል ሲለካ ወደ 9.27 ሚሊ ሜትር ነው። በብዛት የሚታወቀው ሌላው የዘጠኝ ሚሊ ሜትር ዓይነት 9.02 አካባቢ ነው። ሁለቱም በስም ዘጠኝ ናቸው። ወገቡ ሳይጎዳ ከደረሰ ልዩነቱ በመለኪያ ይታወቃል። በመቆንጠጫ ከተጨፈለቀ ግን ሩብ ሚሊ ሜትርን ማን ያምናል? እንደ ግሎክ ያሉ አንዳንድ ሽጉጦች ደግሞ ሸንተረራቸው ስለታም ጠርዝ የለውም፣ ክብ ክብ ያለ ነው። ንክሻው ለዘብ ይላል፣ የሚገለበጠውም መስመር ይደበዝዛል። እንዲህ ያለ ዐረር ላይ እያንዳንዱ የተረፈ መስመር ዋጋ አለው።

ሌላም አለ። ዐረሩ ከቀለሃው ወጥቶ ሸንተረሩን እስኪነካ ጥቂት ርቀት ቀጥ ብሎ ይጓዛል። ሸንተረሩን ሲያገኝ ወዲያው መሽከርከር አይጀምርም፤ ለቅጽበት ይንሸራተታል። ስለዚህ የዱካው መነሻ በወገቡ ፊት በኩል ሰፋ ይላል። በሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቱ በሚሽከረከር ጎተራ ውስጥ በሚቀመጥበት ሽጉጥ፣ ይህ ጎልቶ ይታያል። መርማሪው ይህን ከሌላ ጭረት መለየት አለበት። ለማወዳደር ሲል በተጠርጣሪው መሣሪያ ወደ ውኃ ገንዳ ሲተኩስም በተቻለ መጠን ተመሳሳይ ዓይነት ጥይት ይመርጣል። ለስላሳ እርሳስና ጠንካራ ሽፋን፣ ረጅም ወገብና አጭር ወገብ የአንዱን አፈሙዝ ጽሑፍ በአንድ ዓይነት አይቀበሉም።

እጃችን ላይ ያለው

እንግዲህ ምን ይደረግ? ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የመቆንጠጫውን ሁለት አፍ በቀጭን የጎማ ቱቦ ቁራጭ መሸፈን ይቻላል። ጓንት ባጠለቀ ጣት ማውጣት ከተቻለም እሰየው። ካልተቻለ ደግሞ ሐኪሙ በያዘው ነገር ያውጣ፤ የታካሚው ሕይወት ይቀድማል። እንዲያውም ብዙ ዐረር ባይወጣ የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ይህ የሐኪም ውሳኔ ነው፣ ለፖሊስ ሲባል ሆድ አይከፈትም። የወጣው ግን ብረት ሳህን ላይ አይጣል። የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ (ጎዝ) የተነጠፈበት የፕላስቲክ ዕቃ ላይ ቀስ ብሎ ይቀመጥ። በብሩሽ አይፈግፈግ። በአየር ይድረቅ። እርጥብ ሆኖ ላስቲክ ውስጥ ከታሸገ የብረት ሽፋን ያለው ዐረር ይዝጋል፣ ዝገት ደግሞ መስመሮቹን ይበላል። ሲደርቅ ለብቻው በወረቀት ፖስታ ይግባ። ሁለት ዐረር ከወጣ ሁለት ፖስታ፤ አንድ ላይ ከሆኑ እርስ በርስ ይፋጫሉ።

ቁጥር ወይም ፊርማ በመርፌ ጎኑ ላይ መጫር ደግሞ በቅን ልብ የሚሠራ ጥፋት ነው። የሚጫረው ማስረጃው ላይ ነው። ምልክት የግድ ካስፈለገ መቀመጫው ላይ ይሁን። ከሁሉም የሚሻለው ፖስታው ላይ መጻፍ ነው። ዐረሩን ለማስታወሻ ለቤተሰብ መስጠትም ይቅር። ቤተሰብ ቢጠይቅም፣ "ለእናንተው ጉዳይ ነው የምንይዘው" ብሎ ማስረዳት ይቻላል።

ከጅማ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። ዐረሩ ለፌደራል ፖሊስ የፎረንሲክ ምርመራ ሲላክ ያን ሁሉ መንገድ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ቅብብል ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ የሚለው ካልተጻፈ፣ ወገቡ ንጹሕ ሆኖ ቢደርስ እንኳ ጠበቃ በቀላሉ ይጥለዋል። ሲጥለውም መብቱ ነው።

ሙያውንም ከልክ በላይ ማመን የለብንም። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ በ2016 ደግሞ የፕሬዚዳንቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ አማካሪዎች ምክር ቤት ይህን የማወዳደር ሥራ ተችተዋል። "ከዚህ መሣሪያ ብቻ ነው የተተኮሰው" የሚለው ድምዳሜ በባለሙያው ግምት ላይ መመርኮዙን፣ የስሕተቱ መጠንም በበቂ ጥናት አለመለካቱን ጽፈዋል። የሙያው ሰዎች ተከራክረዋል፣ ክርክሩ አልተዘጋም። ለእኛ ዳኞችና ጠበቆች ይህ ጠቃሚ ነው። ባለሙያው ሲቀርብ "ተመሳሳይ ነው ወይ?" ብቻ ሳይሆን "ከወገቡ ምን ያህሉ ሳይጎዳ ደረሰዎት? ያወዳደሩበት ጥይት ቅርፁና ሽፋኑ አንድ ዓይነት ነበር?" ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ ደካማ ከሆነ ቀለሃው ካለ እሱን ማየት ነው። የመርፌው ምት፣ የኋላ ብረቱ አሻራ፣ የማስፈንጠሪያው ጭረት ቀለሃ ላይ ይቀራሉ። ቀለሃው የሚገኘው ግን ሆስፒታል ሳይሆን ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ ላይ ነው፤ ያ የፖሊሱ ድርሻ ነው።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናም የሕግም ትምህርት በአንድ ከተማ አለው። ሁለቱ ክፍሎች ተቀምጠው አንድ ገጽ ቅጽ ቢያዘጋጁ ከጅማ አልፎ ለሚዛንም ለመቱም ለቦንጋም ይተርፋል። ዐረሩን ማን አወጣው? ከየትኛው የሰውነት ክፍል? በስንት ሰዓት? በምን መሣሪያ? የመቆንጠጫው አፍ ተሸፍኖ ነበር? ለማን ተሰጠ? ከሥሩ የሰጪና የተቀባይ ፊርማ፣ ከጎኑ ደግሞ ወገቡ ተለይቶ የተሳለ የዐረር ሥዕል። ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ግድግዳ ላይም አንድ ቅጂ ይለጠፍ።